ስለ ዋይፋይ መሣሪያዎች ፈርምዌር ጉድለትና ነጋዴ ሊያደርገው ስለሚገባ ጥንቃቄ

በዛሬው ጊዜ ነጋዴ ከውጭ አገር ሻጭ ጋራ የሚጻጻፈውም፤ ፕሮፎርማ የሚቀበለውም፤ ከባንኩ ጋራ የሚገናኘውም በአብዛኛው በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ አማካይነት ነው። እነዚህም መሣሪያዎች ከመረብ ጋራ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ዋይፋይ በሚባለው የገመድ አልባ ዘዴ ስለ ሆነ፤ የዚህ ዘዴ ደኅንነት የገንዘብ ሣጥን ቁልፍን ያህል የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኗል። ብዙ ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ከጠበቁ ደጃቸው የተዘጋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በተደረጉት ምርመራዎች እንደ ታየው፤ የይለፍ ቃሉ ሳይታወቅ መሣሪያው ራሱ ሊደፈር የሚችልበት ጊዜ አለ። የዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፤ አስመጪውና ባለሱቁም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት፤ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተነገረ በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈርምዌር ማለት ምን ማለት ነው?

በእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ፤ እንዲሁም በኮምፒውተር ጎን በሚሰካው ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ውስጥ፤ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበልና የሚልክ ቺፕ አለ። ይህ ቺፕ እንደ ተራ አንቴና የሚቈጠር አይደለም። የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሜሞሪ ያለው፤ በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሥራውንም የሚያከናውነው አምራቹ በጻፈለት ትእዛዝ ሲሆን፤ ይህ ትእዛዝ ፈርምዌር ይባላል።

ነገሩን በንግድ ቤት ምሳሌ ለማስረዳት ይቻላል። ቺፑ በበር ላይ ቆሞ ከመንገድ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ከባለቤቱ አስቀድሞ የሚቀበልና የሚመረምር ዘበኛ ነው። ዘበኛው የተታለለ እንደ ሆነ፤ በውስጥ ያለው ሰው ምንም ጠንቃቃ ቢሆን መጠቃቱን በቶሎ አያውቅም። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የጸረ-ቫይረስ ፕሮግራምም የሚጠብቀው ትልቁን ክፍል እንጂ፤ በቺፑ ውስጥ የሚደረገውን አብዛኛውን ጊዜ አያይም።

ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልኬት ስሕተት ነው። በአየር የሚመጣው መልእክት በውስጡ ያለው ቃል ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ቺፑ የተነገረውን መጠን ከተዘጋጀው ቦታ ጋራ ሳያመሳክር የተቀበለ እንደ ሆነ፤ ትርፉ ወደ ጎረቤቱ ቦታ ይፈስሳል። ሃያ ጆንያ ብቻ በሚይዝ መጋዘን ሠላሳ ጆንያ ቢራገፍ ትርፉ የሌላውን ንብረት እንደሚሸፍን ማለት ነው። አጥቂው ትርፉን በብልሃት ያዘጋጀው እንደ ሆነ፤ በአምራቹ ትእዛዝ ፈንታ የራሱን ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል።

በ2017 የታየው ጉዳይ

በኤፕሪል 2017 የጎግል ኩባንያ ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው ክፍል ባልደረባ ጋል ቤኒያሚኒ፤ በብሮድኮም ኩባንያ የዋይፋይ ቺፖች ላይ ያደረገውን ምርመራ ለሕዝብ ገለጸ። በኔክሰስ 6ፒ ስልክ ላይ ባደረገው ሙከራ፤ ባለስልኩ ምንም ሳይነካ፤ በዋይፋይ ክልል ውስጥ ያለ ሰው ቺፑን ለመያዝና ከቺፑም ወደ ስልኩ ዋና ክፍል ለመሻገር እንደሚችል አሳየ። በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተለመዱት የመከላከያ ዘዴዎች በቺፑ ውስጥ አለመኖራቸውንም አስረዳ። አፕል ኩባንያ በዚያው ወር በ3ኛው ቀን አይ.ኦ.ኤስ. 10.3.1 የተባለውን ማሻሻያ አወጣ።

ከሦስት ወር ያህል በኋላ፤ የኤክሶደስ ኢንተለጀንስ ባልደረባ ኒታይ አርተንስታይን ብሮድፖውን የተባለውን ሌላ ጉድለት በዚሁ ኩባንያ ቺፖች ላይ ማግኘቱ ታወቀ። ጉድለቱ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮችና ከአይፎን 5 ወዲህ በወጡት አይፎኖች ላይ የሚገኝ ነበር። አርተንስታይን በጁላይ 2017 በላስ ቬጋስ በተደረገው ብላክ ሃት ጉባኤ ላይ፤ ጥቃቱ ከአንዱ ስልክ ቺፕ ወደ ሌላው በራሱ ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቷል። ጎግልና አፕል በዚያው ወር ማሻሻያ አውጥተዋል። ስልኩ ከዚህ ቀደም የተገናኘበትን የዋይፋይ ስም ሁልጊዜ የሚፈልግ ስለ ሆነ፤ አጥቂው ያንኑ ስም ይዞ ቢቀርብ ስልኩ እንደ ወዳጅ ሊቀበለው መቻሉ ለዚህ ጥቃት በር ከፍቷል።

ክሩክ የተባለው ጉድለት

ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2020 ክሩክ የተባለውን ጉድለት ገለጸ። ይህም በብሮድኮምና በሳይፕረስ ቺፖች ላይ የተገኘ ሲሆን፤ ኢሴት የተነኩትን መሣሪያዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ አድርጎ ገምቷቸዋል። ስልኩ ከዋይፋዩ በተለያየ ጊዜ ቺፑ የምስጢር ቁልፉን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ነገር ግን ገና ያልተላከ መልእክት ቀርቶ እንደ ሆነ፤ በዚያው የዜሮ ቁልፍ ቈልፎ ይልከዋል። የዜሮ ቁልፍ ለማንም የሚታወቅ ስለ ሆነ፤ በአቅራቢያው የሚያዳምጥ ሰው መልእክቱን ሊያነብ ይችላል። አጥቂውም የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ መሣሪያውን ደጋግሞ በማለያየት ብዙ ቍራጭ መልእክት ሊሰበስብ ይችላል።

ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፤ የይለፍ ቃል መለወጥ ይህን ጉድለት አያድንም። ሁለተኛው፤ ድረ ገጹ ወይም የባንኩ ፕሮግራም ራሱ መልእክቱን በምስጢር የሚልክ እንደ ሆነ፤ ያ ሁለተኛው መሸፈኛ በቦታው ይቈያል። እንዲህ ያለው ጉድለት በስልክ ብቻ የሚወሰን እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ዋይፋዩን የሚያሠራጩት ራውተሮችም ተነክተው ነበር።

የሚያድነው ማነው?

ፈርምዌርን ለማረም የሚቻለው አምራቹ በሚያወጣው ማሻሻያ ነው። የቺፑ ፋብሪካ እርማቱን ለስልኩ ወይም ለራውተሩ ፋብሪካ ይሰጣል፤ ይህም በተራው ለደንበኛው ያደርሳል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት የተበጠሰ እንደ ሆነ፤ ጉድለቱ ታውቆና ታርሞ ሳለ ዕቃው እንደ ታመመ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ማሻሻያ የተቋረጠበት ያገለገለ ስልክ ወይም ስም የሌለው ርካሽ መቀበያ፤ መልኩ አዲስ ቢመስልም፤ የዚህ ዓይነት ዕቃ ነው። ገዢው ጉዳት የደረሰበት ጊዜ ወቀሳው የሚመጣው በሩቅ አገር ባለው ፋብሪካ ላይ ሳይሆን ዕቃውን በሸጠው ሱቅ ላይ ነው።

አስመጪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፤ ከመረብ ጋራ የሚገናኝ የሸማች ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ማሻሻያ የሚሰጥበትን አነስተኛ ጊዜ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች፤ ለአስመጪውና ለአከፋፋዩም ግዴታ ጥላለች። የአውሮፓ ኅብረትም በዲሴምበር 2024 የጸናውን ተመሳሳይ ሕግ ዋና ዋና ግዴታዎች ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ እንዲፈጸሙ ደንግጓል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው አስመጪ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት፤ ሻጩ ለብሪታንያ ገበያ የሰጠውን መግለጫ ለእርሱም እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። በፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ሞዴል ቍጥር፤ ማሻሻያ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀንና ማሻሻያው የሚገኝበት አድራሻ ቢጻፍ፤ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ይህን ለመጻፍ እንቢ የሚል ሻጭ ዋጋው ለምን እንደ ረከሰ በራሱ አፍ እንደ ተናገረ ይቈጠራል።

ባለሱቆችና የንግድ ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባ

በመጀመሪያ፤ የስልኩን፤ የኮምፒውተሩንና የራውተሩን ማሻሻያ እንደ ወጣ ወዲያው መጫን ይገባል። ራውተር በማእዘን ተቀምጦ የሚረሳ ስለ ሆነ፤ ይልቁንም እርሱን በየጊዜው መመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፤ በሆቴልና በአየር ማረፊያ የተገናኙባቸውን የዋይፋይ ስሞች ከስልኩ ማጥፋት፤ ዋይፋዩንም በማያስፈልግበት ጊዜ መዝጋት መልካም ነው። ሦስተኛ፤ ለደንበኞች የሚፈቀደው ዋይፋይ ሒሳብ ከሚሠራበት መሥመር የተለየ ይሁን። አራተኛ፤ አምራቹ የተወውን መሣሪያ የባንክ ሥራ አያሠሩበት። አምስተኛ፤ ሻጭ የባንክ ሒሳብ ቍጥሩን መለወጡን በጽሑፍ ያስታወቀ እንደ ሆነ፤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ቀድሞ በሚታወቀው የስልክ ቍጥር ደውሎ ማረጋገጥ የግድ ነው። ጠላት በየትኛውም ቀዳዳ ቢገባ፤ ይህ አንድ የስልክ ጥሪ የዓመት ትርፍ ሊያድን ይችላል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚገባውን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ቅጣቱ የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ወደ ውጭ አገር የተላከን ገንዘብም ማስመለስ ቀላል አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ማሻሻያ ለመጫን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃና ከሻጩ የሚጠየቀው አንድ መሥመር ጽሑፍ፤ ከኪሣራም ከስም መጥፋትም የሚያድን ርካሽ ወጪ ነው።