አንባቢን የሚይዝ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

በግዳጅ ላይ የቆየ የሠራዊት አባል የሚተርከው አያጣም። ባለቤቱም ልጅ አሳድጋ፣ ጎጆ ጠብቃ፣ ደብዳቤ ናፍቃ ያሳለፈችው ዘመን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ወይም ተጽፎ አንባቢ በሁለተኛው ገጽ ላይ ከተወው፣ ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ዘመን የሚደርሳቸው የቦታ ስምና የቀን ቁጥር ብቻ ይሆናል። ስለሆነም ብዕር ለማንሣት ለምትሹ ውድ አንባቢያን ጥቂት ነጥቦችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልብ ወለድ ሪፖርት አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። የውጊያ ሪፖርት የሚጻፈው አዛዡ ውጤቱን ቶሎ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው። ታሪክ ግን አንድ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ቤተሰቡ ለመከራ ይዳረጋል፤ ልጅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። አንባቢው «ሴትነቷ ይታወቅባት ይሆን? ወንድሟንስ ታገኘው ይሆን?» እያለ ገጹን ይገልጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ፍላጎትና እንቅፋት ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይፈላለጋሉ፤ በመካከላቸው ግን የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ይቆማል። በዛብህንም ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ያስጨንቀዋል። ልብ በሉ፤ ፊታውራሪው እንቅፋት የሆኑት ክፋትን ስለ ወደዱ ሳይሆን የቤታቸውን ክብር የጠበቁ መስሏቸው ነው። ባላጋራው የራሱ ምክንያት ሲኖረው ትግሉ እውነተኛ ይሆናል። ያለ ምክንያት የሚከፋ ሰው ግን የሚያስፈራው ሕፃናትን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስሜትን በስሙ ከመጥራት ይልቅ በድርጊት ማሳየት ይበጃል። «ሚስቱ ናፈቀችው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ጀበናውን ከእሳት አውርዳ ወደ በር ስትወጣ፣ ከዚያም ዝም ብላ ተመልሳ ስትጥደው ብናሳይ ግን አንባቢው ናፍቆቱን ራሱ ያገኘዋል። እንደዚሁም «ወታደሩ ፈራ» ከማለት ይልቅ የኮዳውን ክዳን ሳይጠጣ ደጋግሞ ሲያጠብቅ ማሳየት ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከመጽሐፍ መበደር አያስፈልግም፤ በቦታው የነበረ ሰው ያውቀዋል።

በመጨረሻም፣ የተጻፈው በጆሮ ይፈተን። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በተተረከ ጊዜ ፊደል ያልቆጠረውም ሊከታተለው ችሏል፤ የሰዎቹ ንግግር ሰው የሚናገረው ነበርና።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ከራት በኋላ ለትዳር ጓደኛችሁ፣ በግዳጅ ላይ ያላችሁም ለባልደረባችሁ አንብቡ። አድማጩ ሌላ ነገር ማየት የጀመረበትን ዐረፍተ ነገር ምልክት አድርጋችሁ ሰርዙት። «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀበት ስፍራ ላይ ደግሞ ቁሙና የነገውን ገጽ ከዚያ ጀምሩ።