የራስ ቅል ሳይከፈት የሚነበብ ደም

አንድ ሰው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ውሎ ወይም ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። ሕመሙ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ከምንም ተነሥቶ በደቂቃ ውስጥ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ያጋጠማቸው ሰዎች በመዶሻ የተመቱ መስሏቸው እንደ ነበረ ይናገራሉ። ያስመልሳቸዋል፤ አንገታቸው ይደርቃል፤ አንዳንዶቹም እዚያው ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቶሎ ከአፍ የሚወጣው ቃል «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይታሻል፤ በሽተኛው በጨለማ ክፍል ይተኛል፤ «እስቲ እስከ ነገ እንየው» ይባላል። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ቢገኝ መድኃኒት የማያዝለት ባልደረባ የለም። ብዙውን ጊዜ የራስ ምታቱ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅም ሁላችንም ሐኪም የሆንን ይመስለናል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ባለ ድንገተኛ ሕመም ከሚያዙት ሰዎች መካከል የአንጎላቸው ደም ሥር የፈነዳባቸው ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሲቲ ስካን የሚባለው የራጅ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግላቸው መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከልብ ተነሥተው በአንገት በኩል ወደ ራስ የሚወጡት ደም ሥሮች ከአንጎል ግርጌ ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1664 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ገለጹት፣ ቀለበቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ደም ሥሩ ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ቦታ ላይ ግድግዳው ሲሳሳ፣ የብስክሌት ጎማ የውስጡ ላስቲክ በሳሳበት በኩል እንደሚያብጥ ሁሉ፣ ትንሽ ከረጢት ይወጣበታል። ይህን ከረጢት ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል። ከመቶ ጐልማሶች ሦስት ያህሉ ይዘውት እንደሚኖሩ ይገመታል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ከፈነዳ ግን ደሙ አንጎልን በከበበው ውኃ ውስጥ በኃይል ይረጫል። ፍሳሹ ለጊዜው ቢቆም እንኳ ቀዳዳው የተደፈነው በረጋ ደም ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ እንደገና የመፍሰሱ አደጋ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጣል፤ ከመጀመሪያው ፍሳሽ የተረፉ ብዙ ሰዎችም በሁለተኛው ይሞታሉ።

በቀድሞው ዘመን ሐኪሞች ይህን በሽታ የሚያውቁት ከበሽተኛው ወገብ በመርፌ ውኃ ቀድተው ደም የተቀላቀለበት መሆኑን በማየት ነበር። በ1927 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ዶክተር ኤጋስ ሞኒዝ በአንገት ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ መድኃኒት እየረጩ የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ ማንሣት ጀመሩ። ከአሥር ዓመት በኋላም አሜሪካዊው ቀዶ ጠጋኝ ዋልተር ዳንዲ የአንድ በሽተኛ የራስ ቅል ከፍተው የከረጢቱን አንገት በትንሽ የብር መቆንጠጫ አነቁት። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከወገብ የተቀዳው ውኃ «ደም አለ» ከማለት በቀር ደሙ የትኛው ጥግ እንደ ተከማቸ አይናገርም፤ የሞኒዝም ራጅ ደም ሥሩን እንጂ አንጎሉን አያሳይም።

ይህን የለወጡት ሰው ሐኪም አልነበሩም። ጎድፍሬይ ሐውንስፊልድ በ1919 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወልደው በአባታቸው እርሻ ያደጉ፣ በአየር ኃይል ውስጥ ስለ ራዳር የተማሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበራቸው መሐንዲስ ነበሩ። የሚሠሩበት ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ኩባንያ በይበልጥ የታወቀው የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም ነው። በ1967 ዓ.ም. ያሰቡት ሐሳብ እንዲህ ነው። የተዘጋ ሣጥን ከአንድ ወገን ብቻ በራጅ ቢታይ በውስጡ ያለው ሁሉ ተደራርቦ ይታያል፤ ከብዙ አቅጣጫ ጨረር ቢተላለፍበትና ተሻግሮ የወጣው ጨረር ቢለካ ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ምን እንደሆነች በሒሳብ ማውጣት ይቻላል። ተማሪዎቼ «ይህ ብዙ ያልታወቀ ቊጥር ያለበት ሒሳብ ኋላ ምን ይጠቅመናል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ የምነግራቸው ይህንኑ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ 28,000 ልኬት ለመውሰድ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ኮምፒዩተሩም ሒሳቡን በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረሰ። ለሙከራ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ትኩስ የበሬ አንጎል ነበር!

ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ በዊምብልደን፣ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ በአንጎሏ ውስጥ እባጭ አለ ተብላ የተጠረጠረች ሴት የመጀመሪያዋ በሽተኛ ሆና በመሣሪያው ታየች። ሥዕሉ ያሳየውን እባጭ ቀዶ ጠጋኙ በቦታው አገኘው። በ1979 ዓ.ም. ሐውንስፊልድ የኖቤልን ሽልማት ከአላን ኮርማክ ጋር ተካፈሉ። ኮርማክ የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆኑ፣ ስለዚሁ ሒሳብ በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. ጽፈው አውጥተው ልብ ያላቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ድፎ ዳቦ ውስጡ መብሰሉን ለማወቅ ከላይ ማየት አይበቃም፤ መቍረስ ያስፈልጋል። ሲቲ ስካን ያለ ቢላዋ ይቈርሳል። ለእያንዳንዱም ነጥብ ቊጥር ይሰጠዋል፤ በሐውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር 1000 ከዜሮ በታች፣ ጠንካራ አጥንት 1000ና ከዚያም በላይ ነው። የአንጎል ሥጋ 30 እና 40 አካባቢ ሲሆን፣ ገና የረጋ ደም 60 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ሥዕል ላይ ጥቍር ሆኖ የሚታየው የውኃ ቦታ ደም ሲገባበት ነጭ ይሆናል። የለመደ ዓይን ከዚህ ነጭ ነገር ብዙ ያነባል። ደሙ በሁለቱ የግንባር አንጎሎች መካከል ከበዛ፣ የፈነዳው ከረጢት ከፊት ያሉትን ሁለት ደም ሥሮች በሚያገናኘው አጭር ድልድይ ላይ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ስንጥቅ ውስጥ ከተከማቸ ደግሞ ወደ ጎን በሚሄደው ደም ሥር ላይ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ከረጢት ሊኖረው ስለሚችል የትኛው እንደ ፈነዳ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ያልፈነዳውን አንቆ የፈነዳውን መተው ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው።

ቀጥሎ በክንድ ደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጥና ደም ሥሮቹ በሲቲ እንደገና ይነሣሉ። ኮምፒዩተሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ ያቆማቸዋል፤ ሐኪሙም በፈለገው በኩል እያዞረ የከረጢቱን ሆድና አንገት በሚሊሜትር ይለካል። ከሦስት ሚሊሜትር ያነሰ ከረጢት ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ሲያጠራጥር እስከ ዛሬ ወደ ሞኒዝ ዘዴ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ዳንዲ የጀመሩት ነው፤ የራስ ቅል ከፍቶ፣ የልብስ መቆንጠጫ በመሰለ ትንሽ ብረት የከረጢቱን አንገት ማነቅ። ሁለተኛው ጣሊያናዊው ዶክተር ጊዶ ጉሊየልሚ በሎስ አንጀለስ በ1990 ዓ.ም. በሰው ላይ የጀመሩት ሲሆን፣ ከጭን ደም ሥር የገባ ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎል ተመርቶ ከረጢቱን በተጠቀለለ የፕላቲኒየም ሽቦ ይሞላዋል። በ2002 ዓ.ም. የታተመ፣ 2,143 በሽተኞችን ያቀፈ ትልቅ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በሽቦ ከታከሙት 23.7 ከመቶ፣ በቀዶ ጥገና ከታከሙት ደግሞ 30.6 ከመቶ ሞተው ወይም የሰው ረዳት የሚያሻቸው ሆነው ተገኙ። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቀዶ ጥገናው ይቅር» ይላሉ። ጥናቱ ግን ሁለቱም መንገድ ይስማማቸዋል የተባሉትን ሰዎች ብቻ የያዘ ነበር። አንገቱ ሰፊ የሆነ ከረጢት ሽቦውን መልሶ ሊተፋው ይችላል። ደሙ በአንጎል ሥጋ ውስጥ እንደ ድንጋይ ረግቶ ጎኑን የሚጫነው ከሆነም ደሙን ለማውጣት የራስ ቅል መከፈቱ ስለማይቀር፣ መቆንጠጫው በዚያው ይደረጋል። በአንጻሩ ከኋላ፣ በአንጎል ግንድ ፊት ለፊት የተደበቀውን ከረጢት በቢላዋ መድረስ እጅግ አስቸጋሪ ነውና ሽቦው ይመረጣል።

ሥዕሉ ሌላም ነገር ያሳያል። ደሙ የውኃውን መውረጃ ሲደፍነው በአንጎል ውስጥ ያሉት የውኃ ክፍሎች ያብጣሉ። እንዲህ ያለ በሽተኛ ሰመመን ውስጥ ገብቶ ተስፋው የተቈረጠ ሊመስል ይችላል። በራስ ቅሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ውኃው በቱቦ ሲቀዳለት ግን ነቅቶ የሚያነጋግር አለ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የመጀመሪያው ቀን ሥዕል ስለሚመጣው ሳምንት መናገሩ ነው። ከአራተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በደም የተነከሩት ደም ሥሮች ተኮማትረው አንጎልን ደም ሊያስርቡት ይችላሉ። በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሚለር ፊሸርና ባልደረቦቻቸው በ1980 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የ47 በሽተኞችን ሥዕል ከኋላ ታሪካቸው ጋር አስተያዩ። ደም ካልታየባቸው ወይም ስስ ሆኖ ከተበተነባቸው 18 ሰዎች መካከል ብርቱ መኮማተር የደረሰበት አንድ ብቻ ነበር፤ ደሙ ወፍሮ ከረጋባቸው 24 ሰዎች ግን 23ቱ ላይ ደረሰ። ደረጃው በኋላ ቢሻሻልም ሐሳቡ አልተለወጠም። በሦስተኛው ቀን ተቀምጦ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ዘመዶቹ «አሁንማ ድኗል፣ ቤቱ ይግባ» ሲሉ፣ ሐኪሙ አይሆንም ብሎ ኒሞዲፒን የተባለውን መድኃኒት በየአራት ሰዓቱ እስከ 21 ቀን የሚያስውጠው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ነጩ ደም ለዘላለም ነጭ ሆኖ አይቆይም። ቀኑ በገፋ ቊጥር እየሟሟ ቊጥሩ ወደ አንጎሉ ቊጥር ይወርዳል፤ ሥዕሉም ንጹሕ መስሎ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. ከ11 የካናዳ ሆስፒታሎች የተሰበሰበ ጥናት ድንገተኛ የራስ ምታት የያዛቸውን 3,132 ሰዎች ተከታተለ። ደም ከፈሰሰባቸው 240 ሰዎች መካከል ሕመሙ በጀመረ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሥዕል የተነሡት 121 ነበሩ፤ ሲቲው ሁሉንም አገኛቸው። ዘግይተው ከተነሡት 119 ሰዎች ግን 17ቱ አመለጡት። «እስከ ነገ እንየው» ተብሎ የሚመጣ በሽተኛ ሥዕሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ነገሩ አላበቃም፤ የጥንቱ መርፌ ተመልሶ ከወገቡ ውኃ ይቀዳለታል፣ ወይም ደም ሥሮቹ በፈሳሹ ይታያሉ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሲቲው በየጊዜው ይደገማል፤ ውኃው ተከማችቶ፣ አንጎሉም ደም አጥቶ እንደ ሆነ ለማየት። ከረጢቱ ራሱ በነበረበት ቦታ ላይ ግን መቆንጠጫው ወይም ፕላቲኒየሙ እንደ ኮከብ በየአቅጣጫው ጨረር ስለሚረጭ፣ እዚያ አጠገብ ያለውን ነገር ሲቲው በቅጡ አያሳይም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ይጠራል።