ሶላር በየትኛው ወር ይገዛል?

ገበሬ ወገኖች! ሶላር ማለት ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሰሌዳ ነው። ቀን ሰሌዳው ባትሪውን ይሞላል፤ ማታ ባትሪው አምፖሉን ያበራል። ብዙዎቻችሁ በጎረቤት ቤት አይታችሁታል። የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት መንደር ኩራዝን ከነጭሱ ከቤት ያስወጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ የትኛውን እንግዛ ከማለታችን በፊት፣ መቼ እንግዛ ብለን እንጠይቅ።

እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ እጅ ይፈታል። በታኅሣሥና በጥር ሶላር መግዛት የሚያምረን ለዚህ ነው። ግን እስቲ እናስላ፤ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ሶላሩ 24,000 ብር ነው እንበል። በጥር አንድ ኩንታል እህል 6,000 ብር ቢሸጥ፣ ለሶላሩ 4 ኩንታል ይሄዳል። በሚያዝያ ያው እህል 8,000 ብር ቢያወጣ፣ 3 ኩንታል ይበቃል። ሶላሩ ያው ሶላር ነው፤ አንድ ኩንታል ግን ቤት ቀረ። አንድ ኩንታል ቤተሰብን ስንት ቀን እንደሚያበላ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

«ታዲያ ሶላሩስ እስከዚያ አይወደድም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሊወደድ ይችላል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቻይና ነው፤ ዋጋው የእኛን አውድማ ሳይሆን የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገቡ ብዙ ዕቃዎች ተወደዋል። ስለዚህ በጥር ዋጋውን ጠይቃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በየካቲት ደግሞ ጠይቁና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ዋጋው እየሮጠ ከሆነ አትጠብቁ። ጎተራችሁ ነቀዝ የሚገባበት ከሆነም መጠበቁ ኪሳራ ነው፤ ነቀዝ የበላውን እህል የሚያዝያ ገበያ አይመልሰውም። የዘሩና የማዳበሪያው ሳይለይ ግን በየትኛውም ወር ለሶላር ተብሎ እህል አይሸጥ።

በሐምሌና በነሐሴ መግዛት ከሁሉም ይብሳል። ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የረጠበ ቆርቆሮ ላይ መውጣት አደጋ አለው። ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ «አሁን ውሰድ፣ ለአዝመራ ትከፍላለህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወለዱ ተደምሮ ስንት እንደሚሆን በወረቀት ሳታሰሉ እሺ አትበሉ።

እንግዲህ በመኸር ለሚያመርተው ደገኛ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ይህ ለሁሉም አገር አይሠራም። በልግ በሚዘራበት በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ በእነዚህ ወራት ዝናብ አለ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቀን ታይቶ ነው። በቦረና ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ እዚያ ቀድሞ መግዛት ይሻላል። ቡና የሚሸጥ ሰውም ገንዘቡን የሚያገኘው ቀደም ብሎ ስለሆነ የእህል ገበያ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። የበጋ ፀሐይ ታታልላለች። ሻጩ በጠራራ ቀትር ሰሌዳውን አውጥቶ አምፖል ቢያበራላችሁ አትደነቁ፤ በዚያ ሰዓት የማይሠራ ሶላር የለም። ሰሌዳው የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። እንዲያውም በጣም ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ውርጭ ያለበት ጥርት ያለ የኅዳር ቀን ከቆላ ሐሩር ይበልጥለታል። በክረምት ደመና ሲሸፍን ግን ብርሃኑም ያንሳል። ስለዚህ በበጋ ግዙ፤ ስትለኩ ግን ለነሐሴ ለኩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ባለ 3 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ቢበራ፣ 3 ጊዜ 4፣ 12 ዋት ሰዓት ይበላል። ሁለት አምፖል 24 ይሆናል። ሬዲዮው 12፣ ስልኩ 14 ቢበሉ፣ ድምሩ 50 ነው። በሽቦና በባትሪ የሚባክን ስላለ 70 ያስፈልጋል እንበል። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ ገዛችሁ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ደካማ ስለሆነች፣ በበጋ በሙሉ ኃይሉ 5 ሰዓት ያህል እንደሠራ ቁጠሩት። 20 ጊዜ 5፣ 100 ነው፤ ይተርፋል። በደመናማ ክረምት 3 ሰዓት ብትቆጥሩለት ግን 60 ብቻ ነው፤ 10 ጎደለ። ሬዲዮው ይዘጋል፣ ወይም ልጅ ሳያጠና ይተኛል። ባለ 30 ዋት ቢሆን በክረምትም 90 ያወጣ ነበር። የዋቱ ቁጥር ከሰሌዳው ጀርባ ተለጥፏል። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም ቁጥሩን ታነቡታላችሁ። ሻጩ በአፉ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

ሰሌዳው የሚሰቀልበት ቦታም ወር አለው። በታኅሣሥ የቀትር ጥላችሁ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት ማለት ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይዞራል። በጥር ምንም ያልጋረደ የሰሜን ወይም የሰሜን ምሥራቅ ባሕር ዛፍ በሰኔ ሰሌዳውን ሊጋርደው ይችላል። የጥላው ጉዳት የሚብሰው ደግሞ ብርሃን በሚያንስበት ወቅት ነው። ሰሌዳውን በትንሹ ወደ ደቡብ አዘንብሉት፤ አጋደሉ ከበዛ የክረምት ፀሐይ ይሸሸዋል። ጨርሶ ቢጋደም ደግሞ ዝናቡ አያጥበውም። በውቂያ ጊዜ ገለባና አቧራ ስለሚለብስ ጠዋት ሳይግል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ዋስትናውን በወረቀት ተቀበሉ። የተገዛበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት፤ ሻጩም ይፈርም። በመጋቢት የተገዛ ሶላር የአንድ ዓመት ዋስትና ካለው ክረምቱን በሙሉ ትፈትኑታላችሁ። ስድስት ወር ብቻ ከሆነ መስከረም ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ በነሐሴ ያያችሁትን ጉድለት ሳታዘገዩ ለሻጩ አሳውቁ።

የመኪና ባትሪ ዓይነቱን ባትሪ የምትገዙ ከሆነ፣ ሳይሞላ ረጅም ጊዜ ሱቅ የተቀመጠው ይበላሻል። የተሠራበትን ቀን ጠይቁና በመለኪያ አስለኩት። ባለ 12 ቮልቱ ተሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ካሳየ ባዶ ነውና ሌላ አስመጡ። ቤቱ እስኪያልቅ ብላችሁም አልጋ ሥር አታስቀምጡት። በገዛችሁ ሰሞን አሰቅሉና አምፖል ሳታበሩ በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ተዉት።