አልነሳም ያለ ኮምፒውተርን የሚያስነሳ ፍላሽ

በዚህ እትም በቴክኖሎጂ ዓምዳችን ስለ አንድ ፍላሽ ልጽፍላችሁ ነው። ፍላሽ የማያውቅ ማን አለ ትሉ ይሆናል። ይሄኛው ግን ዘፈንና ፊልም የሚጫንበት አይደለም። አልነሳም ያለ ኮምፒውተርን የሚያስነሳ ነው፤ ስሙም ሪከቨሪ ድራይቭ ይባላል።

ለምን ይሄን ርዕስ መረጥክ ብትሉኝ፣ የትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የሁላችንንም ውጤት ይዟል። ሮስተሩ፣ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የፈተና ምዝገባ ፎርም፣ የክበባችን ቀረጻዎች ሳይቀሩ እዚያው ናቸው። መብራት ደግሞ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ኮምፒውተር እየሠራ በድንገት መብራት ሲጠፋበት ዊንዶውሱ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ፎርማት ማለት ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠራርጎ ባዶ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ እንይ። ማብሪያውን ስንጫን ቀድሞ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ባዮስ ይሉታል፤ በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ይባላል። እሱ ራሙን፣ ኪቦርዱን ምኑን ፈትሾ ሲጨርስ «ዊንዶውስ የት ነው ያለው?» ብሎ በተራ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ላይ። እዚያ ያለው ዊንዶውስ ከተበላሸ ሥራው ይቆማል፣ ስክሪኑም ጥቁር ወይ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ባዮስ ግን ከፍላሽም ማስነሳት ይችላል። ፍላሹ ላይ ለብቻው መነሳት የሚችል ትንሽ ዊንዶውስ ካለ ኮምፒውተሩ በሱ ይነሳል። ባትሪው የሞተ ሚኒባስ ተገፍቶ እንደሚነሳው ማለት ነው።

ብዙ ሰው «እኔ ባካፕ አለኝ» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። እውነት ነው፣ ሲስተም ኢሜጅ የሚባል ባካፕ አለ፤ ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹና ከነፋይሎቹ እንዳለ ቀድቶ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ነገር ግን ኤክስተርናሉን አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ዝም ነው የሚለው። ባካፑን አንብቦ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ ነቅቶ የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል። ፍላሹ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ባለፈው ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ሰዓት ኮምፒውተሯ አልነሳም አለ። ሲስተም ኢሜጅ ነበራት፣ የሚያስነሳ ፍላሽ ግን አልነበራትም። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጫነላት። ከዚያ ፓወር ግዕዝ፣ ኦፊስ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ፎንቶቹ አንድ በአንድ እስኪጫኑ ሁለት ቀን ሥራ ፈታች፤ ደንበኞቿም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ሄዱ። የሚገርመው፣ ጠጋኞች የሚይዙት የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ራሱ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» በሚለው በኩል ሲስተም ኢሜጅን መመለስ ይችላል። ባካፕ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። እንደኔ እንደኔ ፎርማት ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነበር።

ከአይሲቲ መምህራችን ጋር ሆነን ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር የሠራነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው፤ የሚሠራውም ጤነኛ እያለ ነው። 16 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የእህታችሁ ሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ከቤት አንስታችሁ እንዳትመጡ! መፈለጊያው ላይ ሪከቨሪ ድራይቭ ብላችሁ ስትጽፉ «ክሪኤት ኤ ሪከቨሪ ድራይቭ» የሚል ይወጣል። ስትከፍቱት የሲስተም ፋይሎችንም ልገልብጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ምልክቱን አታጥፉት። ፍላሹን ትመርጣላችሁ፣ ኔክስት ትላላችሁ፣ ክሪኤት ትላላችሁ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። በጣም ይቆያል። እኛ እረፍት ወጥተን ስንመለስ እንኳን ገና አልጨረሰም ነበር።

ሲስተም ኢሜጁ ለብቻው ነው የሚሠራው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ባካፕ ኤንድ ሪስቶር» የሚለው ጋ ገብታችሁ «ክሪኤት ኤ ሲስተም ኢሜጅ» የሚለውን ትነካላችሁ።

ፍላሹ ካለቀ በኋላ ሳይሞከር መቀመጥ የለበትም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ስታበሩት ዴል ከሆነ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፍላሹን ምረጡ። የኪቦርድ ዓይነት ምረጡ የሚል ሰማያዊ ገጽ ከመጣ ይሠራል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ሳትነኩ አጥፉት።

የእውነት የተበላሸ ቀን ደግሞ ኤክስተርናሉም አብሮ ይሰካል። «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ» ነው። እዚያው ሰፈር «ሪከቨር ፍሮም ኤ ድራይቭ» የሚል አለ፤ ስሙ ያታልላል። እሱ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭንና የናንተን ፋይሎች ያጠፋል፤ ባካፑንም አያየውም። ሃርድ ዲስኩ ራሱ የሞተ ከሆነ ደግሞ ፍላሹ አያድነውም። መጀመሪያ ከድሮው ያላነሰ መጠን ያለው አዲስ ዲስክ መግጠም ያስፈልጋል፤ ከዚያ ኢሜጁ እሱ ላይ ይመለሳል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ልበል። ኢሜጅ ኮምፒውተሩን የሚመልሰው ወደተቀዳበት ቀን ነው። በጥር የተቀዳ በሰኔ ቢመለስ፣ ከጥር ወዲህ የገባ ውጤት አይኖርም። ስለዚህ ሮስተሩ ብቻውን በየሳምንቱ ሌላ ፍላሽ ላይ ይገልበጥልን፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

የሠራነው ፍላሽ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈን «አይነካ፣ ዘፈን አይጫንበት» ብለን ጽፈንበታል። ከኤክስተርናሉ ጋር በርዕሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ማይክሮሶፍት በየዓመቱ እንደገና እንዲሠራ ስለሚመክር የሚቀጥለው መስከረም ላይ ነው። ማየት የሚፈልግ ሐሙስ ከሰዓት ወደ አይሲቲ ክፍል ብቅ ይበል፤ ባዶ ፍላሽ ያለው ይዞ ይምጣ።