«ረድእ» ማለት ምን ማለት ነው? ከሐይቅ እስጢፋኖስ የምንማረው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ስንደርስ፣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዓሣው ነው። ከውኃው ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ግን ለእኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች የሚነግረን ነገር አለው። እስቲ ጥቂት ቆም ብለን እንየው።

ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ተምረው ወደዚህ መጡና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ወጣቶችም ከየአገሩ ይጎርፉ ጀመር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ታዲያ ወጣቱ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? ገዳም የገባ ጀማሪ «ረድእ» ይባላል። ቃሉ በግዕዝ ረዳትም ደቀ መዝሙርም ማለት ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ረድእ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፤ ከዚያም ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። ገዳሙ ያስጠልለዋል፣ ያበላዋል፤ እሱም በጉልበቱ ያገለግላል። ሥራው የትምህርቱ ክፍል ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በልጅነታቸው ወደ ሐይቅ ተላኩ። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ትምህርቱ ለዓመታት አልገባ አላቸው። ሆኖም ገዳሙ አላባረራቸውም፤ እህል እየፈጩ እያገለገሉ ቆዩ። ያ «አይገባውም» የተባለ ልጅ በ1416 ዓ.ም. «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ትልቅ የግዕዝ ድርሰት ጽፎ ፈጸመ። እንግዲህ ነገ ከክፍላችን ጥግ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ «ደደብ» ብለን ከማለፋችን በፊት ሁለቴ እናስብ! ጊዜ ብንሰጠው ምን ሊወጣው እንደሚችል ማን ያውቃል?

ሐይቅ ወጣቶችን ተቀብሎ ብቻ አላስቀረም፤ ልኳልም። ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እሳቸው በሐይቅ ዓመታት ቆይተው ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ ገዳም በ15ኛው መቶ ዓመት ደብረ ሊባኖስ ተባለ፤ እሱም በተራው መምህራንን ያፈራ ጀመር። አንድ ትምህርት ቤት ሌላውን ወለደ ማለት ነው።

ወጣትን ለአገልግሎት መላክ በቅርቡ ዘመንም ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገቡ። በእነዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለ፦ የተላከው ሲመለስ በስፍራው ምን ይቀራል?

ሐቁን ለመናገር፣ የሐይቅ ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ስለዚህ ያ የትምህርት በር ለእህቶቻችን ዝግ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ተቋም ወንዱም ሴቱም እኩል ይሠለጥናል። ይህ በታሪክ ያልነበረ ዕድል ስለሆነ ልናከብረው ይገባል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የምደባ ወረቀት ሲመጣ «ለምን እዚያ ሩቅ ወረዳ ጣሉኝ?» እንላለን። እውነት ነው፤ መንገዱ ይከብዳል፣ ቤቱም ይጠባል። ነገር ግን የሄድንበት መንደር መምህር ብቻ ሳይሆን ረዳትም ይጠብቃል። ከገበሬው ጋር ውኃ መቅዳት የሚያፍር መምህር፣ የገበሬው ልጅ ልቡን አይከፍትለትም። ከዓመታት በኋላም አንድ ተማሪያችን በተራው መምህር ሆኖ ካየነው፣ ያኔ በእርግጥ «ረድእ» ነበርን ለማለት እንችላለን።