በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት መኖሪያ፦ ለዛጎል ተሸካሚ ሸርጣንና ለትናንሽ ዓሦች የሚሆን የቤት ፓሉዳሪየም ንድፍ

መግቢያ

ፓሉዳሪየም የብስንና ውሃን በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አጣምሮ የሚይዝ ሰው ሠራሽ መኖሪያ ነው። ከአኳሪየም የሚለየው ውሃው የመኖሪያውን ከፊል ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ነው። በተለምዶ ኸርሚት ክራብ የሚባለውን የየብስ ዛጎል ተሸካሚ ሸርጣን ከትናንሽ ዓሦች ጋር በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ማኖር ለማስተማሪያም ሆነ ለእንስሳት ጠባይ ምልከታ ምቹ ነው። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የሚሠሩ ፓሉዳሪየሞች ብዙውን ጊዜ የሚታቀዱት ከመልካቸው ተነሥቶ እንጂ ከእንስሳቱ ፍላጎት ተነሥቶ አይደለም። ሸርጣኑ በተገቢ እንክብካቤ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ሆኖ ሳለ በተሳሳተ ንድፍ ውስጥ በጥቂት ወራት ሊሞት ይችላል። ሞቱ ከአሸዋ በታች ሲደርስም መንሥኤው ሳይታወቅ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ፓሉዳሪየሙ እንደ አንድ መኖሪያ ሳይሆን አየርን ብቻ እንደሚጋሩ ሁለት መኖሪያዎች መታቀድ አለበት የሚል ነው።

ሸርጣኑ ከመኖሪያው የሚፈልገው

የየብስ ዛጎል ተሸካሚ ሸርጣኖች ሴኖቢታ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሴኖቢታ ስኬቮላ ከእነዚሁ አንዱ ሲሆን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፎርስኮል ሥራ የታተመው በ1775 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እነዚህ ሸርጣኖች የሚተነፍሱት ለአየር በተላመደ ስንጥብ ነው። ስንጥቡ ሥራውን የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ በመሆኑ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል። አየሩ ከደረቀ እንስሳው ቀስ በቀስ ይታፈናል።

ለስላሳ ሆዱን ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ያስገባል፤ በዛጎሉ ውስጥም ጥቂት ውሃ ይዞ ይዞራል። የዚህን ውሃ ጨዋማነት የሚያስተካክለው ከጨው አልባና ከጨዋማ ውሃ እያፈራረቀ በመቅዳት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ውሃ ማግኘት አለበት።

ከሁሉ የከበደው ፍላጎቱ ግን መቀበር ነው። ሸርጣኑ የሚያድገው ውጫዊ ቅርፊቱን እየጣለ ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በመቆየት ነው። አሸዋው ስስ ከሆነ መቀበር አይችልም፤ ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱ ይናድበታል፤ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ባለበት ይሰምጣል። አምስት እጅ አሸዋና አንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ተደባልቆ፣ በእፍኝ ሲጨበጥ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ሲርስ ተስማሚ ይሆናል።

የንድፉ መሠረታዊ ችግር

ከላይ የተጠቀሰው ፍላጎት የፓሉዳሪየምን ዋና ችግር ያሳያል። የዓሣው ውሃ በአሸዋው ሥር ከሰረገ ቅርፊቱን የሚጥለው ሸርጣን ይሞታል። አሸዋውን በቁልቁለት ወደ ውሃው ማስገባት ለዓይን ያማረ ቢሆንም መወገድ ያለበትም ስለዚህ ነው። በምትኩ ሁለቱን ክፍሎች ከታች ጀምሮ በተተከለና ሻጋታ መከላከያ ባልተጨመረበት ሲሊኮን በታሸገ የመስታወት ግድግዳ መለየት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 45፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን እንውሰድ። ከርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ለየብስ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ለውሃ ቢመደብና ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አሸዋው 25፣ ውሃው ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሊኖራቸው ይችላል። የአሸዋው ይዘት 79 ሊትር ያህል ነው። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ በግምት 1.6 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ይህ ክፍል ብቻውን ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። 45 ሊትር ውሃና የመስታወቱ ክብደት ሲደመሩ አጠቃላይ ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ስለዚህ ማስቀመጫው አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ተራ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም።

ሸርጣኑ መዋኘት አይችልም። ወደ ውሃው የሚገባበት መደብ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ኖሮት ከጥልቁ ክፍል በፕላስቲክ መረብ ቢከለል፣ እንስሳው ይነከራል እንጂ አይሰምጥም፤ በሌሊት እየዞረ የደከመ ዓሣ የመያዝ ዕድሉም ይቀንሳል። ሻካራ መውጫ መወጣጫም ሊኖረው ይገባል።

ጨው፣ ውሃና ዓሣ

የጨዋማው ውሃ ቦታ በየብሱ ክፍል የሚቀመጥ ከ4 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ የተለየ ገንዳ ቢሆን ይመረጣል። የሚዘጋጀውም ለባሕር አኳሪየም ከተሠራ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል በመጨመር ነው፤ የወጥ ጨው የባሕር ውሃን የማዕድን ስብጥር አይተካም። እንዲህ ያለው አነስተኛ ገንዳ ጨዋማነቱ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ለባሕር ዓሣ አይሆንም። ዓሦቹ መኖር ያለባቸው ጨው አልባ በሆነው ትልቁ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ሸርጣኖቹ በዛጎላቸው የሚያመላልሱት ጨው ዓሦቹን አይጎዳም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አምስት ሸርጣኖች እያንዳንዳቸው በየቀኑ 5 ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ያፈስሳሉ ብለን ብንገምት በሳምንት የሚገባው ጨው 6 ግራም ያህል ነው። ከ45 ሊትሩ ሩብ እጁ በየሳምንቱ ቢቀየር ክምችቱ በሊትር ከ0.6 ግራም በታች ይረጋል። ይህ መጠን ጋፒን ለመሰለ ጨው ቻይ ዓሣ አያሰጋም፤ ለስላሳ ውሃ ለለመዱት እንደ ኒዮን ቴትራ ላሉት ግን ተመራጭ አይደለም። በትነት የጎደለው ውሃ መሞላት ያለበት ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ብቻ ሲሆን ጨው ይቀራል።

ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት ማጣሪያው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የአሞኒያ ምንጭ እየቀረበለት መሥራት አለበት። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የመለወጥ አቅም ያዳብራሉ። ሸርጣኑ የምግብ ፍርፋሪና ቆሻሻ ወደ ውሃው ስለሚያስገባ ማጣሪያው ለዓሦቹ ቁጥር ከሚያስፈልገው የበለጠ አቅም ሊኖረው ይገባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ መወገድ አለበት። መዳብ ያለባቸው የዓሣ መድኃኒቶችም ለሸርጣን መርዝ በመሆናቸው በዚህ ሣጥን ውስጥ ፈጽሞ አይጨመሩም፤ የታመመ ዓሣ ወጥቶ በሌላ ዕቃ ይታከማል።

የከፍታ ጉዳይ

በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ግን የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ የሚሟሟው ኦክስጅን 6.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ የሚፈቅደውን የዓሣ ቁጥር እዚህ ላይ እንዳለ መውሰድ ስሕተት ይሆናል፤ ቁጥሩን መቀነስና አየር ፓምፕ መጨመር ያሻል። የበጋው ደረቅ አየርና የሌሊቱ ቅዝቃዜም የሚገጥም ክዳንንና ማሞቂያን ግድ ያደርጋሉ። ማሞቂያው ከአሸዋው በታች መቀመጥ የለበትም፤ ሸርጣኑ ከሙቀት ለመሸሽ የሚቆፍረው ወደ ታች ነውና። ከአሸዋው ወለል በላይ በጎን መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ይሻላል።

ማጠቃለያ

የዕቅዱ ቅደም ተከተል ከሸርጣኑ ጉድጓድ ይጀምራል፤ የአሸዋው ጥልቀት የግድግዳውን ቁመት፣ ግድግዳው የውሃውን መጠን፣ የውሃው መጠን ደግሞ የዓሦቹን ቁጥር ይወስናል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚጎዳው ሸርጣኑ ነው።

የእንስሳቱ ምንጭም የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባዋል። የሴኖቢታ እጮች የሚያድጉት በባሕር ውስጥ በመሆኑ በቤት ማራባት እጅግ አዳጋች ነው፤ ለገበያ የሚቀርቡት ሸርጣኖችም ከሞላ ጎደል ከዱር የተያዙ ናቸው። የአገር ውስጥ ዓሣ ለመጠቀም የሚያስብ ተመራማሪም በአፍዴራ ሐይቅ ብቻ ተወስነው የሚኖሩትን እንደ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ያሉ ዝርያዎች ለዚህ ዓላማ ሊያጠምድ አይገባም። የባዕድ አገር ዓሣም ሆነ ውሃው ወደ ወንዝና ሐይቅ መለቀቅ የለበትም። ሣጥኑ ለወራት ባዶውን ተፈትኖ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና የውሃው ጥራት ከጸኑ በኋላ እንስሳቱን ማስገባት ለምርምሩም ለእንስሳቱም ይበጃል።