አሰልጣኙ ሲባረር አባቴ ለምን ዝም አለ?

እርስዎ ቤት ከእሁድ ምሽት ኳስ በኋላ እራት በሰላም ይበላል? እኛ ቤት አይበላም ነበር። ታናሽ ወንድሜ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። አባቴ ግን የማንም ክለብ ደጋፊ አይደለም፤ የሰውዬው፣ የጆዜ ሞሪንሆ ደጋፊ ነበር። «ቆፍጠን ያለ ሰው ነው፤ ልጆቹን ሰጥ ለጥ አድርጎ ይዟቸዋል» ይላል።

እሁድ ታኅሣሥ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። ለሥራ ወደ ባሕር ዳር በወጣሁ ቁጥር ቤተሰብ ዘንድ አንድ ሁለት ቀን መቆየቴ የተለመደ ነው። ወንድሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሄደ። ሊቨርፑል ማንቸስተርን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ልጁም ሲመለስ እራት አልፈልግም ብሎ ተኛ። ማክሰኞ ሞሪንሆ መባረሩ ሲሰማ ግን ግቢው ውስጥ እየዘለለ «ተገላገልን!» አለ። አባቴ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ልጁ እንዲያ የዘለለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዩናይትድ በዚያ ቀን 6ኛ ነበር፤ ከመሪው ሊቨርፑል በ19 ነጥብ ርቆ። ነገር ግን ደጋፊውን ያንገሸገሸው ነጥቡ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሞሪንሆ ሁሉም ነገር በእጁ እንዲሆን የሚፈልግ አሰልጣኝ ነው። በመስከረም ከፖል ፖግባ የምክትል አምበልነቱን ነጥቆታል። ከዚያ ቀደም ብሎም ሉክ ሾው አንድ ጨዋታ ላይ ጥሩ ሲጫወት፣ ሰውነቱ የእሱ ቢሆንም ጭንቅላቱ የእኔ ነበር የሚል ትርጉም ያለው አስተያየት በጋዜጠኞች ፊት ሰጥቷል። ልጅዎ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ «ያጠናሁለት እኔ ነኝ» ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ያስቡት።

ወንድሜና ጓደኞቹ የሚያወሩት ይህንኑ ነበር። ዋንጫውን ረስተውታል። ሰውየው በ2009 ዓ.ም. ሊግ ካፑንና ዩሮፓ ሊጉን አምጥቶላቸው ነበር እኮ። እነሱ ግን የሚሉት «ልጆቹ ሜዳ ውስጥ ይፈራሉ» ነው። (የቢዝነስ ተመራቂ ስለሆንኩ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ክለቡ ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ማውጣቱ በኋላ በሒሳብ ሪፖርቱ ታይቷል። ደስታው ርካሽ አልነበረም።)

ሞሪንሆ ሲሰናበት ሁልጊዜ እልል ይባላል ማለት አይደለም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ቼልሲ ሲያባርረው ቡድኑ ከ16 ጨዋታ 9ኙን ተሸንፎ ወራጅ ቀጠናው ጫፍ ላይ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን መክፈቻ፣ የተጎዳ ተጫዋች ለማከም ወደ ሜዳ በገባችው ሐኪም በኢቫ ካርኔሮ ላይ በአደባባይ ተቆጥቷል፤ ክለቡ በኋላ በይፋ ይቅርታ ጠይቋታል። ይህ ሁሉ ሆኖም ከስንብቱ ሁለት ቀን በኋላ ቼልሲ ከሰንደርላንድ ሲጫወት የስታምፎርድ ብሪጅ ደጋፊ ስሙን እየጠራ ዘመረለት። የጮኸው በራሱ ተጫዋቾች ላይ ነበር፤ ከዱ ብሎ። ሦስት የሊግ ዋንጫ የሰጣቸውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ከበዳቸው።

አባቴ ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። «አየሽ፣ የሚያመሰግን ሰው አለ» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደርን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጠዋት በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው፤ አርፋጁን፣ ሸሚዙን ያላስገባውን፣ ፀጉሩን ያጎፈረውን ለይቶ የሚያስቀረው እሱ ነው። የኛው ለማንም ምንም አይተውም ነበር፤ ደወሉ እንኳ ያለ እሱ አይደወልም። ከቦታው መነሣቱ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሲነገር ተማሪው አጨበጨበ። አባቴ የስንብት ጭብጨባ መስሎት እጁን አነሣላቸው። ከዚያ ፉጨቱ ተከተለ።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ወንድሜ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበር። አጨብጭቦ እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም።

የሩቁን ትተን ወደራሳችን እንምጣ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሲጫወት እኔ ቡሬ አጎቴ ቤት ነበርኩ። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ በርበሬ ነጋዴው ሱቁን ክፍት ትቶ አስፋልት ላይ ወጣ። በዚያ ምሽት ሰውነት ቢሻው የሁላችንም አባት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ፍልሚያ ደረስንና በናይጄሪያ ተሸነፍን። በጥር 2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳናገባ ተሸነፍን፤ ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ ተሰናበቱ። ያው አጎቴ «ይበላቸው፣ ደግሞ ብለው ብለው!» ሲል ሰማሁት።

ሰውነትን ከሞሪንሆ ጋር በጠባይ ማመሳሰሌ አይደለም። የማመሳስለው እኛን ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ 3 ነጥብ ስናጣ ፌዴሬሽኑ ራሱ ጥፋቱን አምኖ ነበር፤ በአጎቴ ሱቅ በራፍ ግን ቢጫ ካርዱ ሲወራ የሚነሣው ያው የአሰልጣኙ ስም ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው እጅ የምናስቀምጠው እኛም ነን፤ ሰውየው ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮ የሚሄድ ይመስለናል። ከሰውነት በኋላ የመጡት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት አካባቢ ቆይተው ተሰናበቱ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በውበቱ አባተ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው።

የዩናይትድስ? ሞሪንሆ በሄደ በአራተኛው ቀን በኦሌ ጉናር ሶልሻየር ስር ካርዲፍን 5 ለ 1 ደመሰሱ፤ በተከታታይ 8 ጨዋታ አሸነፉ። ወንድሜ ስልክ እየደወለ አላስቀምጥ አለኝ። አባቴ ስለ ኳስ ማውራት ተወ። የውድድር ዘመኑ ያለቀው ግንቦት 4 ቀን ነው፤ በገዛ ሜዳቸው፣ በዚያው በካርዲፍ 2 ለ 0 ተሸንፈው፣ ደረጃቸውም ያው 6ኛ።

የዚያን ምሽት እኔ አዲስ አበባ ስለነበርኩ የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ወንድሜ ከዲኤስቲቪ ቤት አንገቱን ደፍቶ ሲገባ አባቴ በረንዳ ላይ ነበር። ከአግዳሚው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና «እህ፣ አሁንስ ማንን እናባርር?» አለው። ልጁ መጀመሪያ ሊኮሳተር ሞከረ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። እናቴ መሶቡን አቀረበች፤ ሁለቱም በሉ።